የካፒቴን ኪድ የጠፋ ፋይል

«እህቴ፣ ፋይሉ የለም።»

ይህችን ቃል ባለፈው ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠሩን ትቼዋለሁ። የአባባን የጡረታ ጉዳይ ይዤ ነበር የምመላለሰው። አባባ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል። መሥራታቸውን የሚመሰክረው ግን አንድ ቡናማ ማኅደር ነበር። ማኅደሩ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ አንድ ቢሮ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። የወሰደው ሠራተኛ ተዛውሯል። የተተካው «እኔ አልተረከብኩም» ይላል። አባባ ሁሉን ነገር በሦስት በሦስት ኮፒ አድርገው በላስቲክ ከረጢት የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። ኮፒዎቹን ይዤ ሄድኩ። «ዋናው ይምጣ» አሉኝ። ዋናው ደግሞ እነሱ ጋ ነው የጠፋው። «ነገ ተመለሺ» ተባልኩ። ተመለስኩ። ነገም ሌላ ነገ ነበረው።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ከዊልያም ኪድ ጋር የተዋወቅኩት እዚያ ተቀምጬ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ «የባሕር ወንበዴዎች እውነት ወርቅ ይቀብራሉ?» ብሎ ጠይቆኝ መልስ አጥቼ ነበር። ወረፋ ስጠብቅ ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። የተቀበረ ወርቅ የሚባለው አብዛኛው ተረት ነው። በሰነድ ተረጋግጦ ቀበሩ ከሚባሉት ጥቂቶች አንዱ ግን ይህ ሰው ነው። እኔን የያዘኝ ወርቁ አይደለም። ኪድ እስከ መጨረሻው ቀን «የማልሰቀልበት ወረቀት አለኝ፣ አምጡልኝ» ሲል ነበር። ወረቀቱ አልተገኘም።

(ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ሥራውን ላስረዳ። በ17ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ነገሥታት ጦርነት አያጡም፤ የጦር መርከብ ግን አይበቃቸውም። ስለዚህ መርከብ ላለው ሰው ወረቀት ይሰጡታል። ወረቀቱ «የጠላቴን መርከብ ባገኘህበት ማርክ» ይላል። የማረከውን ወደ ፍርድ ቤት ያቀርባል። ዳኛው ምርኮው ሕጋዊ ነው ካለ ይሸጣል፤ ንጉሡም፣ ባለመርከቡም፣ መርከበኞቹም ይካፈላሉ። ደመወዝ የለም። ያልማረከ አይበላም። እንግሊዞች ይህን ሰው «ፕራይቬቲር» ይሉታል። ያው ሥራ ያለ ወረቀት ከተሠራ ውንብድና ይባላል፤ ቅጣቱም ገመድ ነው። መድፉ ያው፣ መርከቡ ያው፣ የሚጮኸውም ነጋዴ ያው። ልዩነቱ አንድ ማኅተም ያለበት ብራና ነው። እኛም ሽፍታና ሹም ሩቅ ለሩቅ እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ የቋራው ካሳም ሸፍቶ ነው የጀመረው። ብቻ ካሳ ወረቀት ከማንም አልጠየቀም።

ኪድ ስኮትላንዳዊ ነው፤ በ1650ዎቹ አጋማሽ ገደማ ተወለደ። በ1689 ካሪቢያን ውስጥ ፈረንሳውያንና እንግሊዞች አብረው በሚዘርፉበት መርከብ ላይ እናገኘዋለን። ሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲገጥሙ እሱና ጓደኞቹ መርከቡን ቀምተው «ብለስድ ዊልያም» ብለው ሰየሙትና ኔቪስ ደሴት ላይ ለነበረው የእንግሊዝ አገረ ገዢ አደሩ። ዘራፊ ሆነው ተኝተው የንጉሥ አገልጋይ ሆነው ተነሡ። በ1690 መጀመሪያ ግን ኪድ አንቲጓ ላይ ወደ ምድር ወርዶ ሳለ የገዛ ሰዎቹ መርከቡን ይዘውበት ጠፉ። ከእነሱ አንዱ ሮበርት ካሊፎርድ ይባላል። ይህን ስም ያዙልኝ።

በ1691 ኒው ዮርክ ገባ። ከተማዋ በአመጽ ታምሳ ነበርና አዲሱን አገረ ገዢ አገዘ፤ ምክር ቤቱም 150 ፓውንድ ሸለመው። በዚያው ዓመት ሳራ የምትባል ሀብታም ሴት አገባ። ባሏ ከሞተ ገና ቀናት ቢሆኑት ነው፤ ሐሜቱን መገመት አያቅትም። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ፐርል ጎዳና ላይ ጥሩ ቤት ነበራቸው። ትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ድንጋይ መጎተቻ ገመድና መዘውር ያዋሰው እሱ ነው። እኔ ብሆን እዚህ ላይ መልሕቄን ጥዬ እቀር ነበር። ቤት አለህ፣ ትዳር አለህ፣ ጎረቤት ያከብርሃል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

እሱ ግን በ1695 የንጉሥ ሹመት ፍለጋ ሎንዶን ሄደ። እዚያ ሮበርት ሊቪንግስተን የሚባል የኒው ዮርክ ነጋዴ ከሎርድ ቤሎሞንት ጋር አገናኘው። ቤሎሞንት የኒው ዮርክ አገረ ገዢ ሊሆን የተዘጋጀ፣ ማዕረጉ ከኪሱ የከበደ ሰው ነበር። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ባለሥልጣናት ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ኪድ መርከብ ይዞ ወንበዴዎችን ያድናል፣ ወንበዴዎቹ የዘረፉትን ይቀማል፣ ይካፈላሉ። ለባለንብረቱ መመለስ የሚባል ነገር የለም! ካዋጡት መካከል የባሕር ኃይሉ የበላይ ኤድዋርድ ራስል፣ የመንግሥት ማኅተም ጠባቂው ሎርድ ሶመርስ፣ የሽሩዝበሪው መስፍንና የሮምኒው ጌታ ነበሩ። ንጉሥ ዊልያም ሣልሳዊም አሥር በመቶ ድርሻ ተያዘላቸው። የትልልቆቹ ስም ግን ምርኮውን በሚሰጠው ሰነድ ላይ አልገባም። በሌላ ሰው ስም ነው የተጻፈው። በሰው ስም ቤት ሲሠራ ያየ አዲስ አበቤ ይህን ዘዴ ለመረዳት አይቸገርም።

ኪድ ሁለት ወረቀት ተሰጠው። አንደኛው የፈረንሳይን መርከብ ለመማረክ፣ ሁለተኛው ወንበዴዎችን ለመያዝ። በሁለተኛው ላይ በስም ከተጠቀሱት አንዱ ቶማስ ቲው ነው። ቲው ደግሞ ወረቀቱ ከመፈረሙ ከወራት በፊት ቀይ ባሕር አካባቢ የሕንዶችን መርከብ ሲያጠቃ ሞቷል። የሞተ ሰው አሳድደህ ያዝ ተብሎ ተላከ ማለት ነው።

መርከቡ «አድቬንቸር ጋሊ» ይባላል። 34 መድፍ አለው፤ ነፋስ ሲጠፋ ደግሞ በመቅዘፊያ ይሄዳል። ጉዞው ከጅምሩ ከፋ። ግሪንዊች ላይ የባሕር ኃይል መርከብ ሲያልፉ ኪድ የሚገባውን ሰላምታ ሳይሰጥ ቀረ። የጦር መርከቡ በተኩስ ቢያስጠነቅቅ የኪድ ሰዎች ዞረው መቀመጫቸውን መቱላቸው። የባሕር ኃይሉ ቀልድ አልወደደም። ከመረጣቸው መርከበኞች ብዙዎቹን በግዳጅ ወሰደበት። ኪድ የጎደለውን ኒው ዮርክ ላይ ሞላ። ያገኘውም ዕዳ ያለበትን፣ ሥራ የፈታውንና የቀይ ባሕርን ወርቅ በወሬ የሰማውን ነው። በጊዜው የነበረው የኒው ዮርክ አገረ ገዢ እነዚህ ሰዎች በቀናም በጠማማም ገንዘብ ሳያገኙ እንደማይመለሱ፣ ኪድም ደመወዝ የሌለውን መንጋ ሊገዛ እንደማይችል ወደ ሎንዶን ጽፎ ነበር። በመስከረም 1696 ወደ 150 ሰው ይዞ ተነሣ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ።

ኪድ በአፍሪካ ደቡብ ዞሮ፣ ማዳጋስካር ደርሶ፣ ኮሞሮስ ላይ ብዙ ሰው በበሽታ ቀብሮ፣ በ1697 ክረምት ባብ ኤል መንደብ ደረሰ። የእንባ በር ማለት ነው። ከበሩ መካከል ፔሪም የምትባል ደረቅ ደሴት አለች። እዚያ መልሕቁን ጣለ። በጀልባ ሰዎች ልኮ የሞካን ወደብ አሰለለ። ካርታ ላይ ጣቴን አስቀምጬ አየሁት። ሞካ በወዲያኛው ዳር ናት፤ በወዲህኛው ደግሞ ከሞላ ጎደል ፊት ለፊቷ አሰብ። ዛሬ በየካፌው «ሞካ» የምንለው ስም ከዚያች ወደብ የወጣ ነው። ቡናው ከየመን ተራራ ወርዶ በዚያ ይጫናል።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ነጋዴዎችና የመካ ተጓዦችን የጫኑ የሕንድ መርከቦች በበሩ ወጥተው፣ ወቅቱን በሚጠብቀው ነፋስ ወደ ሕንዷ ወደብ ወደ ሱራት ይመለሳሉ። ዕቃቸውን ሽጠዋል፤ ስለዚህ የያዙት ወርቅና ብር ነው። ነፋሱ ቀጠሮውን አያዛንፍም። ዘራፊውም የሚያምነው ይህን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሄንሪ ኤቭሪ የተባለ እንግሊዛዊ እዚሁ በር ላይ አድብቶ፣ ተከትሎ የሕንዱን ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብን ትልቅ መርከብ ዘርፏል። አውራንግዜብ ተቆጥተው ሱራት ያሉትን የእንግሊዝ ኩባንያ ሰዎች በሰንሰለት አሰሩ። ሎንዶን ስለ ወንበዴ ድንገት የተጨነቀችው ለሕንዶች አዝና አይደለም። ንግዷ ሊዘጋባት ስለሆነ ነው።

በዚያን ጊዜ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠዋል። ምጽዋ በቱርኮች እጅ ናት፤ ባሕሩ የእኛ አይደለም፤ ንግዱ ግን ይደርሰናል። ከጎንደር ወደ ሕንድና ወደ ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) መልእክተኛ ሆኖ ይመላለስ የነበረው ኮጃ ሙራድ አርመናዊ ነጋዴ ነበር። አርመኖች ከጎንደር እስከ ሱራት ዘመድና ደብዳቤ ነበራቸው። አርመኖቹ በኋላ ይመለሱብናል።

ኪድ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠበቀ። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ሌሊት መርከቦቹ ወጡ፤ ሲነጋ አድቬንቸር ጋሊ መካከላቸው ተገኘ። ሦስት የአውሮፓ አጃቢዎች ነበሯቸው፤ አንዱ እንግሊዛዊ፣ ሁለቱ ሆላንዳውያን። የእንግሊዙ ካፒቴን ኤድዋርድ ባርሎው ባንዲራውን ሰቅሎ ተኩስ ከፈተበት። ኪድ ትንሽ ሞካከረና ሸሸ።

እኔ ኪድ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው እላለሁ። እዚያ መንጋ ውስጥ አንድም ፈረንሳይ፣ አንድም ወንበዴ አልነበረም። ወረቀቱ ለዚህ አልተሰጠውም። «ወንበዴ ፍለጋ ነው የሄድኩት» ቢልም መድፉ ወዴት እንደዞረ ባርሎው ጽፎ አስቀምጧል።

ከዚያ በኋላ ወራት ያለ ሁነኛ ምርኮ አለፉ። ሰዎቹ አጉረመረሙ። በጥቅምት መጨረሻ ኪድና የመድፍ ኃላፊው ዊልያም ሙር ተጋጩ። ኪድ «ቅማላም ውሻ» አለው። ሙር «ቅማላም ውሻ ከሆንኩም ያደረግኸኝ አንተ ነህ» ብሎ መለሰ። ኪድ በብረት የታሰረ የእንጨት ባልዲ አንሥቶ ራሱን መታው። ሙር በማግስቱ ሞተ።

ከዚያ ምርኮው መጣ። በኅዳር የፈረንሳይ የይለፍ ወረቀት የያዘ አንድ ትንሽ መርከብ፣ በጥር 1698 መጨረሻ ደግሞ ትልቁ፣ «ኬዳ መርቻንት»። ሐር፣ ስስ ጨርቅ፣ ስኳር፣ ኦፒየም፣ ብረት የጫነ። ኪድ የፈረንሳይ ባንዲራ ሰቅሎ ቀረበ። በዚያ ዘመን ነጋዴ ለሁሉም የሚሆን ወረቀት ይይዛል፤ የፈረንሳይ ባንዲራ ሲያይ የፈረንሳይን የይለፍ ወረቀት ያወጣል። አወጣ። ኪድም «ያዝኩህ!» አለ። የፈረንሳይ ይለፍ ከያዝክ የፈረንሳይ ነህ፤ ወረቀቴ ደግሞ ፈረንሳይን ማርክ ይላል። ሕጉን በፊደሉ ከወሰድነው ልክ ነው። ነገር ግን የመርከቡ ካፒቴን እንግሊዛዊ፣ የጭነቱ ባለቤቶች አርመኖች፣ ከጀርባቸውም የአውራንግዜብ ቤተ መንግሥት ሰው ነበረ። አርመኖቹ ለመቤዠት ገንዘብ አቀረቡ፤ እምቢ አለ። ኪድ የሁለቱን መርከቦች የይለፍ ወረቀቶች እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቃቸው። ጭነቱን ግን ፍርድ ቤት ሳያቀርብ እዚያው ዳርቻ ላይ መሸጥና ማካፈል ጀመረ። ወረቀት ወዳዱ ሰው የወረቀቱን ግማሽ ብቻ ነው የፈጸመው።

በሚያዝያ ማዳጋስካር አጠገብ ሴንት ሜሪ ደሴት ሲደርስ ማንን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ካሊፎርድን። አሁን በደንብ የለየለት ወንበዴ ሆኗል። ኪድ «ያዙት ብል ሰዎቼ እምቢ አሉ» ይላል። ምስክሮቹ «ኧረ አብረው ጠጥተው ወዳጅነት ተማማሉ» ይላሉ። ሁለቱ ተስማምተው የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከኪድ ሰዎች አብዛኞቹ ወደ ካሊፎርድ ተሻገሩ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሠራተኛህን ሲወስድብህ!

አድቬንቸር ጋሊ በስብሶ አልቋል፤ አቃጠሉት። ኪድ በኬዳ መርቻንት ወደ ካሪቢያን ተመለሰ። በ1699 አንጉዪላ ላይ ዜናውን ሰማ፤ መንግሥት ወንበዴ ብሎ አውጆበታል። ትልቁን መርከብ ሂስፓኒዮላ ደሴት አጠገብ ትቶ በትንሽ መርከብ ወደ ሰሜን ወጣ። ከሎንግ አይላንድ ምሥራቅ ባለችው የጋርድነር ደሴት ላይ፣ ባለቤቱ እያወቀ፣ ወርቅና ብር ቀበረ። ለእህቴ ልጅ መልሱ ይኸው፤ አዎ፣ ቀብሯል። ግን በሳምንታት ውስጥ መንግሥት ቆፍሮ አውጥቶ ቆጥሮ መዝግቦታል።

ለምን አልሸሸም? ወረቀቱን ስላመነ። ሁለቱን የይለፍ ወረቀቶች በጠበቃ እጅ ለቤሎሞንት ላከ። ቤሎሞንት የሚያባብል ደብዳቤ ጽፎ ቦስተን ጠራው። ሐምሌ ላይ አሰረው። እዚህ ላይ አባባ ቢኖሩ ራሳቸውን ይይዙ ነበር። ዋናውን አሳልፎ ሰጠ!

ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ኒውጌት እስር ቤት ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረ። በ1701 ፓርላማ አቀረቡት። ቶሪ የሚባለው ወገን ሰዎች፣ ተቀናቃኛቸው የዊግ ወገን የሆኑትን ገንዘብ ያዋጡለትን ጌቶች ስም ጠርቶ እንዲያጋልጥ ጓጉተው ነበር። እሱ ንጹሕ ነኝ ብቻ አለ። ጌቶቹ ውለታውን የሚከፍሉት መስሎት ይሆናል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ፓርላማውም ወደ ችሎት መለሰው።

ችሎቱ ግንቦት 8 እና 9 ሁለት ቀን ነው የፈጀው። የዚያን ጊዜ ሕግ በእንዲህ ዓይነት ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃው ምስክር እንዲመረምርለት አይፈቅድም። ኪድ ራሱ የቀድሞ የመርከቡን ሐኪም ሲጠይቅ፣ ሲሳደብ፣ ሲለምን ይታያል። ደጋግሞም ወረቀቶቼን ይላል። የፈረንሳይ ይለፎቹን ቤሎሞንት ልኳቸዋል፣ ሎንዶን ደርሰዋል፣ አምጡልኝ። የሉም። ቤሎሞንት ራሱ እንዳይጠየቅ በዚያው መጋቢት ኒው ዮርክ ላይ ሞቷል። የወሰደው ተዛውሯል፤ የተተካው አልተረከበም። አግዳሚው ላይ ሆኜ ይህን ሳነብ ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁት።

ግንቦት 23 ቀን 1701 ዋፒንግ ላይ፣ ቴምዝ ዳር ተሰቀለ። ገመዱ ተበጠሰ። ከጭቃው አንሥተው ደግመው ሰቀሉት። ሬሳውን ቅጥራን ቀብተው በብረት ቀፎ ቲልበሪ ላይ አንጠለጠሉት፤ የሚያልፍ መርከበኛ ሁሉ እንዲያየው። ካሊፎርድም በዚያው ሰሞን ተፈርዶበት ነበር። ነገር ግን በሌላ ሰው ላይ እንዲመሰክር ተፈለገና ተረፈ፤ ከዚያ የት እንደገባ አይታወቅም። ከኪድ ንብረት የተገኘው ከ6,400 ፓውንድ በላይ ደግሞ ለግሪንዊች የመርከበኞች ሆስፒታል ተሰጠ። ሰዎቹ መቀመጫቸውን የመቱባት ያቺው ግሪንዊች።

ወረቀቶቹስ? በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው፣ ሎንዶን በመንግሥት መዛግብት ውስጥ ተገኙ። ማንም አልበላቸውም፣ አልተቃጠሉም። ከሌሎች ወረቀቶች መካከል ተኝተው ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ነው ያደግነው። የት ማኅደር ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል የሚለውን ግን አልጨመሩልንም።

ቢገኙለት ይተርፍ ነበር? አይመስለኝም። መጀመሪያ የተፈረደበት በሙር ግድያ ነው፤ ለባልዲው ደግሞ ይለፍ የለም። ንጹሕ ሰው ነው ብዬ አላስቀምጠውም። ባብ ኤል መንደብ ላይ የዞረው መድፍም ይረብሸኛል፤ መርከቦቹ ውስጥ ጸሎታቸውን ጨርሰው ወደ ቤት የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ግን ወረቀቱ ተገኝቶ ቢፈረድበትና ሳይገኝ ቢፈረድበት አንድ አይደለም። ይህን የሚያውቀው መስኮት ፊት ለፊት የቆመ ሰው ነው።

በ2007 ኬዳ መርቻንት ራሷ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ካታሊና ደሴት አጠገብ ተገኘች። መድፎቿ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ተከምረው። ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ፣ ዋናተኛ አይቶ የሚያልፋት ዓይነት ቦታ ላይ።

የአባባ ማኅደር የተገኘው በአምስተኛው ወር ነው። አንዲት ልጅ የሌላ ሰው ፋይል ስትፈልግ፣ ስሙ ከአባባ ስም በአንድ ፊደል በሚለይ ሰው ማኅደር ውስጥ ተለጥፎ አገኘችው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ለአባባ የኪድን ታሪክ ከአንቲጓ እስከ ቲልበሪ ነገርኳቸው። ቡናቸውን ይዘው በጸጥታ አዳመጡ። ሙር ሲሞት «ውይ» አሉ። ገመዱ ሲበጠስ አማተቡ። ወረቀቶቹ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ መገኘታቸውን ስነግራቸው ስኒውን አስቀመጡና ትንሽ አሰቡ።

«ቆይ» አሉኝ፣ «ኮፒ እንኳ አላስቀረም እንዴ?»